የባሕር ጃርቶች ስንቅ

ፍራንክፈርት ባሕር የላትም። ወንዝ አላት፣ ወደብ የሚሏትም ነገር አላት፤ ባሕሩን ግን በከረጢት ነው የሚያስመጡት። ኦስትኤንድ ውስጥ፣ ከማይን ወንዝ ወደብ በስተኋላ፣ ድሮ የምንጣፍ መጋዘን የነበረ ረጅም አዳራሽ አለ። እዚያ የጨው ከረጢት ይቀደዳል፣ ጨው ከቧንቧ ውሃ ጋር ይማሰላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ባሕር ይሆናል። የወንድዬ የባሕር ጃርቶች፣ እነዚያ ክብና እሾሃም እንስሳት፣ የሚያድጉት በዚህ በተማሰለ ባሕር ውስጥ ነው።

የወንድዬ ጃርቶች ማለት እንኳ ልክ አይደለም። ጃርቶቹ የድርጅቱ ናቸው፤ ድርጅቱ ደግሞ የዮርግ ነው። ዮርግ ጺሙ ላይ የጨው ብናኝ የማይጠፋ፣ ሲቆጣ ድምፁን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ የሚያደርግ ጀርመናዊ ነው። ወንድዬ ገንዳ ያጥባል፣ ማጣሪያ ይለውጣል፣ ምግብ ያቀርባል። አዳማ አስራ ሁለተኛን ከጨረሰ በኋላ ስለመጣበት መንገድ የሚጠይቀው ሲገኝ፣ «ረጅም ነው» ብሎ የሚያልፍ ልጅ ነው። ከሰው ጋር ብዙ አይውልም። ፌሽንሃይም ካለችው አንዲት ክፍሉ በአስራ አንድ ቁጥር ትራም ይመጣል፣ በአስራ አንድ ቁጥር ትራም ይመለሳል። ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ሲያልም ፌርማታው ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚያልመው ስለ ቤዚ ነው።

ቤዚ የጃርቶቹ ኃላፊ ናት። በልጅነቷ ከአባቷ ጋር መጥታ ኖርድኤንድ ያደገች፣ የውሃ እንስሳት እርባታን በአውስቢልዱንግ፣ ማለት እየሠሩ በሚማሩት የሙያ ትምህርት፣ ያጠናቀቀች ልጅ ናት። አማርኛዋ የቤት አማርኛ ነው። ስትናደድ ወደ ጀርመንኛ ትሻገራለች፤ ስትስቅ ትመለሳለች። ወንድዬ ሥራ የጀመረ ዕለት አንድ ባዶ የሚመስል ገንዳ አጠገብ አቁማ «ተመልከት» አለችው።

«ምንም የለም» አላት።

«አለ። ዓይንህ ነው ያልለመደው።»

አጉሊ መነጽር ሰጠችው። መስታወቱ ላይ በተጋገረው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር መሀል፣ ከአሸዋ ያነሱ፣ እሾህ ማብቀል የጀመሩ ነጠብጣቦች ታዩት። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ሕይወት አላት፤ ቆይቶ ሲያያት ከቦታዋ ፈቀቅ ብላለች።

«እናታቸውን አያውቋትም» አለች ቤዚ። «ይሄ አረንጓዴ ነገር ነው ጡታቸው። ጥርሳቸው እስኪጠነክር እሱን እየላጡ ይበላሉ።»

ወንድዬ ቀና ሲል ፊቷ ቅርብ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ቀና ባለ ቁጥር ያ ፊት ይታየዋል፤ ብትኖርም፣ ባትኖርም።

ጃርቶቹ ጡት ጣሉ። ቤዚ ቡናማውን የባሕር ቅጠል እንደ ጎመን በስሱ መክተፍ አስተማረችው። ዮርግ ደረቁን እንክብል መኖ ይወዳል፤ ቶሎ ያወፍራል ይላል። ቤዚ ደግሞ ቅጠል ያሳደገው ጃርት ቀስ ይላል እንጂ ቅርፊቱ ይጠነክራል ባይ ናት። ሁለቱ ሲከራከሩ ከርመው ጠዋት ቅጠል፣ ከሰዓት እንክብል በሚለው ታረቁ። ወንድዬን የገረመው ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ወንድማማቾች ሆነው አንዱ ብይ ሲያክል ሌላው ከምስር አይበልጥም። ምግብ ጎድሎ አይደለም። ትልልቆቹ አጠገባቸው እስካሉ ድረስ ትንንሾቹ ማደጉን ለነገ የሚሉት ይመስላሉ። ወንድዬ ይህን ሲያይ ለራሱ ፈገግ ይላል፤ ለምን እንደሚስቅ ግን ለማንም አይናገርም።

ጸደይ ሲገባ ዮርግ ሁሉንም ሰብስቦ ነገራቸው። ትልልቆቹ ጃርቶች ወደ ሰሜን፣ በእውነተኛው ባሕር ዳርቻ ወዳለ እርባታ ይሄዳሉ፤ ቀሪ ዕድገታቸውን በማዕበል ውስጥ ይጨርሳሉ። ቤዚ አብራቸው ትሄዳለች፤ ሥራዋም፣ ቤቷም እዚያው ይሆናል። ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። ያን ቀን አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር እየሳቀች ሄደችበት። ወንድዬ ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሊነግራት የሚፈልገውን ነገር ይዞ ይዞር ጀመር። ነገሩ አጭር ነው፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ ይለዋል። እሱ ግን ሳይለው ክረምቱ አለፈ፣ አሁን ደግሞ ሳይለው እሷ ልታልፍ ነው።

ከመንገድ በፊት ጃርት አይበላም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ የበላ ጃርት በሳጥን ታሽጎ ሲሄድ ሆዱ ውስጥ ያለውን መንገድ ላይ ይለቀዋል፣ ጥቂቷ ውሃ ትመረዛለች፣ ባሕር ሳይደርስ ሁሉም እሾሁን አራግፎ ይሞታል። ስለዚህ ሆዱ ባዶ እስኪሆን ይጠበቃል።

«ጾም ገባ» አለች ቤዚ የቅጠሉን ባልዲ እየከደነች።

«እድሜ ልካቸውን ቅጠል ሲበሉ የኖሩ፣ ድሮስ ጾመኛ አይደሉም?»

«ታዲያ አሁን ያክርሩታ።» ሳቀች። «አንተ ራስህ እንደነሱ ነህ፤ ጥግህን ይዘህ ዝም።»

«ቤዚ።»

«ምን?»

ፓምፑ ያጓራል። የጓንቷን ጣቶች አንድ በአንድ እየሳበች ታወልቃለች፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነው፤ ትጠብቃለች።

«ማጣሪያውን ልለውጠው?»

«ትናንት ለውጠኸዋል።»

«እ... አዎ» አለ።

በማግስቱ ጃርቶቹ ከያሉበት እየተንፏቀቁ ምግብ በሚወርድላቸው ጥግ ተሰበሰቡ። ዓይን የላቸውም፤ ግን ቦታውን ያውቁታል። እሾሃቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይጠብቃሉ። ወንድዬ ሲያያቸው ከፋው። ተራቡ ብሎ አይደለም። እነሱ ሆዳቸው ባዶ በሆነ መጠን የቤዚ መሄድ እየቀረበ ስለሆነ ነው።

የመንገዱ ጠዋት ሾፌሩ ኑዕማን ማቀዝቀዣ ያላትን መኪና ወደ በሩ አስጠጋ። ኑዕማን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ከየትኛውም ቤት ሲገባ ከእሱ በፊት ድምፁ ይገባል።

«አቦ፣ እሾሃሞቹ ተዘጋጁ? ዛሬ ባሕር እናሳያቸዋለን።»

ቤዚ የገንዳውን ክዳን አነሳች። አንስታም ቆማ ቀረች።

ገንዳው በቅጠል ተሞልቷል። ያውም በስሱ የተከተፈ ሳይሆን በእጅ የተበጣጠሰ፣ ብዙ። ጃርቶቹ ላዩ ላይ ሰፍረውበታል፤ ሆዳቸውን የሞሉት ደግሞ ኩሳቸውን እንደ ጥቁር አሸዋ ከታች ዘርግፈውታል። ቤዚ ፊቷ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። ዮርግ መጣ፣ አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቬር ቫር ዳስ?»

ማን ነው ይህን ያደረገው ማለቱ ነው።

ወንድዬ ቀና ሲል ዓይኑ ከእትዬ ዕፀገነት ጋር ተጋጨ። እትዬ ዕፀገነት የአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ማልደው መጥተው ሁሉም ሳይገባ ወለሉን ይጨርሳሉ። ለቤዚ የሚሰጧትን ዳቦ ቆሎ በፌስታል ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መጥረጊያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጣታቸው ጫፍ ላይ ቡናማ የቅጠል ቁራጭ ተለጥፏል። አፋቸውን ከፈቱ። ወንድዬ ግን ቀደማቸው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ዮርግ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ በዚያው ዝቅተኛ ድምፁ ተናገረ፤ ጃርቶቹ ሆዳቸውን እስኪያራግፉ ጉዞው ይዘገያል፤ ውሃው ሁሉ ይለወጣል፤ ወንድዬ ከእንግዲህ ማጠብ እንጂ ማብላት የለም፤ እዚሁ የሚቀሩትን ትንንሾቹንም ሌላ ሰው ይረከባቸዋል።

ኑዕማን ዝምታ አይወድም። «አቦ፣ እኔ ረመዳንን እየጾምኩ ጀርመንን ከዳር እስከ ዳር ነድቻለሁ። እነዚህ ተጎልተው እየዋሉ ይቺ አቃተቻቸው?» አለ። የሳቀለት የለም። መኪናውን አዙሮ ሄደ።

ቤዚ ወንድዬን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። አስተያየቷ ግን ከዮርግ ንግግር ሁሉ ይከብድ ነበር።

እትዬ ዕፀገነት ከጨው ከረጢቶቹ ጀርባ እጁን ይዘው ጎተቱት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ?»

«እትዬ፣ እርስዎ ምን ብለው ነው ያበሏቸው?»

«መንገደኛ አይደሉም እንዴ? ጠዋት ስገባ ጥጉ ላይ ተሰብስበው አየኋቸው። ባዶ ገበታ የከበቡ ልጆች መሰሉኝ። ለእሷ ስንቅ ይዤ መጥቼ፣ እነሱን በባዶ ሆዳቸው ልሸኝ? ማንም አትስጪ አላለኝም። ባልዲው እዚያው ነበር።»

«ከመንገድ በፊት አይበሉም እኮ።»

«የማይበላ መንገደኛ በየት አገር ነው ያለው?» አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ከአገሬ የወጣሁ ለት ቅመሺ ያለኝ ሰው አልነበረም። ጥድፊያ ነበር። ያ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ ጠግቤ እንኳ ብሆን፣ ይርበኛል።»

ወንድዬ ጣታቸው ላይ የቀረውን የቅጠል ቁራጭ አንስቶ ጣለላቸው።

«ሄጄ ለሰውዬው እነግረዋለሁ» አሉ።

«አይንገሩት። የእርስዎ አለቃ የጽዳት ድርጅቱ ነው፤ በዚህ ይሰናበታሉ። እኔን ዮርግ ይቆጣኛል እንጂ አያባርረኝም።»

እትዬ ዕፀገነት ፊቱን መረመሩት። «ተቆጡህ፣ ተቀጣህ። ፊትህ ግን የተቀጣ ሰው ፊት አይደለም ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ወንድዬ ደስ ብሎት ነበር። ጃርቶቹ እስኪጾሙ ድረስ ቤዚ አለች። በማያውቀው መንገድ፣ ባልሠራው ጥፋት፣ ቀን ተጨመረለት። ያን ዕለት በትራም ሲመለስ ለነገ የሚላትን ቃል በልቡ አስተካከለ፤ ቃሉ አማረለት።

ነገ ግን እንዳሰበው አልሆነም። ቤዚ በጀርመንኛ ብቻ ታናግረው ጀመር። «ቱቦውን ያዝ» ትላለች፤ «ዝቅ አድርግ» ትላለች፤ ሁሉም በጀርመንኛ፣ ሁሉም ለማንም ሰው በሚባል ድምፅ። ጎን ለጎን ሆነው የጃርቶቹን ኩስ ከገንዳው ወለል በቱቦ ሲመጥጡ ክርናቸው ይነካካል፤ እሷ ትሸሻለች። ቀኑ ተጨምሯል፤ እሷ ግን ቀኑ ውስጥ አልነበረችም። ወንድዬ በሕይወቱ ብዙ ናፍቋል። የሩቅ ሰው፣ የሞተ ሰው ናፍቋል። አጠገቡ የቆመ ሰው ሲናፍቅ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲህ እንደሚያምም አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ወንዙ ወረደ። ከድልድዩ ወዲህ የአንድ ትልቅ ባንክ የመስታወት ሕንፃ ጥላውን ውሃው ላይ ጥሏል። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የያዘውን ዳቦ ሳይበላ ሲያገላብጥ፣ ቤዚ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች። እጇ ላይ ጭብጥ ሙሉ ዳቦ ቆሎ ይዛለች።

«ለምን አበላሃቸው?» አለች። በአማርኛ።

«ይርባቸዋል ብዬ።»

«ዋሽ እሺ።» አንድ ፍሬ አንስታ ቆረጠመች። «እትዬ ዕፀገነት ትናንት ማታ ቤታችን መጥተው ሁሉንም ነገሩኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ለዮርግ ነገሩት።»

ወንድዬ ደነገጠ። «ምን አለ?»

«መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎ ሳቀ። ለሚመጣው ጊዜ ክዳኑ ላይ በአማርኛም ማስታወቂያ እንለጥፍ አለ። ለእትዬም አለቆች አልናገርም ብሏቸዋል። ትንንሾቹንም አንተው ታበላለህ።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«ቆይ አልጨረስኩም።» ዳቦ ቆሎውን ትታ ወንዙን ማየት ጀመረች። «እኔ ነኝ ያልክ ጊዜ፣ ሊያስቀረኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በጣም ተናደድኩብህ። እንዴት ጃርቶቼን መሣሪያ ያደርጋል ብዬ። ሌሊቱን ስናደድ ነው ያደርኩት። ከዚያ እትዬ መጥተው እሱ አይደለም ሲሉኝ...»

«ደስ አለሽ?»

«ናይን፣ አይደለም» አለች። «ከፋኝ።»

አንዲት ረጅም የጭነት ጀልባ ቀስ ብላ አለፈች። ወንድዬ እስክታልፍ ጠበቀ። እንደ ድሮው ከሆነ ስለ ጀልባዋ አንድ ነገር ብሎ ይሸሽ ነበር። አሁን ግን ዳቦውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እኔ አይደለሁም ያበላኋቸው» አለ። «ግን ሐሳቡ ቢመጣልኝ ኖሮ አበላቸው ነበር። ደንቡን እያወቅሁ። አንቺ ለአንዲት ቀን እንኳ እንድትቆዪ። ከመጣሁ ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ።»

ቤዚ ወደ እሱ ዞረች።

«ይቺን ለመናገር ነው እንዴ ክረምቱን ሙሉ ማጣሪያ ስትለውጥ የከረምከው?»

«አዎ።»

«ንጹሕ ውሃ ግን ነበረን» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ሳቅም ሌላ ነገርም ነበረበት። «እሄዳለሁ ወንድዬ። ልጅ ሆኜ የተመኘሁት ነገር ነው፤ ከእጄ አላስወጣውም።»

«ቅሪ አላልኩሽም።»

«አላልክም። እሱም ትንሽ ከፍቶኛል።» ዳቦ ቆሎውን በእጁ አፈሰሰችለት። «ያንን ዳቦ ተወውና ይሄን ብላ።»

ሁለቱም እየቆረጠሙ ወደ ሥራ ተመለሱ።

ኑዕማን ዳግመኛ ሲመጣ ገንዳው ንጹሕ ነበር። «አቦ፣ ጾሙ ያዘላቸው?» ብሎ፣ ወሬው ደርሶት ኖሮ፣ ወደ እትዬ ዕፀገነት በጥርጣሬ ጣቱን ቀሰረ። እሳቸው መጥረጊያቸውን አነሱበት። ጃርቶቹን አንድ በአንድ እየላቀቁ በእርጥብ ስፖንጅ መሀል ደረደሯቸው። ጃርት ከመስታወት ሲላቀቅ ቀላል አይደለም፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ እግሮቹን ለጥፎ ይይዛል፤ የቸኮለ ሰው ይቆርጣቸዋል። ወንድዬ አልቸኮለም። የመጨረሻውን ሳጥን ከቤዚ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው አወጡት።

መኪናው በር ላይ ቤዚ ጓንቷን አወለቀች። እጁን ያዘችው፤ እጇ በረዶ የነካው ያህል ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«የትንንሾቹ ተራ መጸው ላይ ነው፤ ከደረሱ» አለች። «ያኔ አብሯቸው የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ለዮርግ ማን ይምጣ እንዳልኩት ገምት።»

«ካልደረሱስ?»

«አብላቸዋ» አለች።

መኪናዋ ወደ ዋናው መንገድ፣ ወደ ሃናወር ላንድሽትራሰ፣ ታጥፋ ከትራሙ ኋላ ተሰወረች። ወንድዬ ገብቶ ትንንሾቹ ገንዳ አጠገብ ቆመ። ቅጠሉን በስሱ ከተፈ፣ እፍኝ ሙሉ አወረደላቸው። ምስር የሚያካክሉት ከየጥጋቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከመፍዘዛቸው የተነሳ እየሄዱ መሆናቸው የሚታወቀው ዓይን ተነቅሎ ሲመለስ ብቻ ነው። እጁ እንደገና ባልዲው ውስጥ ገባ። ሁለተኛ እፍኝ ዘገነ። መጸው ሩቅ ነው፤ አሁን ጨመር ቢያደርግላቸውስ? ግን የተረፈው ይበሰብሳል፣ ውሃው ይደፈርሳል፤ ጃርት በሰው ናፍቆት አይፈጥንም። ይህን ከእሷ ነው የተማረው። የዘገነውን መልሶ ባልዲው ውስጥ አደረገ።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከካሰል ከተማ አልፈናል ትላለች ቤዚ በድምፅ መልእክት፤ ኑዕማን ዘፈኑን ከፍቶታል፤ ጃርቶቹ ደህና ናቸው፤ እዚህ ይዘንባል። ድምጿን ደጋግሞ ሰማው። ከዚያ ለመጻፍ ጀመረ። ረጅም ጻፈ፣ አጠፋ። አሳጥሮ ጻፈ፣ አጠፋ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብሎ ላከ፦

«ትንንሾቹ በልተዋል። አንቺስ፣ በላሽ?»

ስልኩን ጨው ከረጢት ላይ አስቀምጦ፣ ባዶ የቀረውን ትልቁን ገንዳ ማጠብ ጀመረ። እጁ ይፈትጋል፤ ጆሮው ግን ስልኩ ጋ ነበር።